የጋሽ ከፈለኝ ልምምድ

ጡረታ የወጣ ሰው አርፎ የሚቀመጥ ይመስላችኋል? ጎረቤቴ ጋሽ ከፈለኝ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራችን መንዝ፣ መሐል ሜዳ እስኪመለሱ ድረስ ለእኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው ከተማ ውስጥ የማርሽ ባንድ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ኋላ ትዳርና ልጅ ሲመጣ ጥሩምባው አልጋ ሥር ገባ። ጡረታ ሲወጡ ግን ከተኛበት ጎትተው አወጡት፤ ወለወሉትና አንድ ጠዋት ግቢያቸው መሐል ቆመው ነፉት።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ለሌላ ጉዳይ ተነፍቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ግልብጥ ብሎ መጣ። የእድሩ ድንኳንም ተከትሎ ደረሰ።

«ማን ሞተ?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«ኧረ ማንም! እየተለማመድኩ ነው» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

«ለማን ሞት ነው የሚለማመዱት?»

ሽማግሌዎች እዚያው ተቀምጠው መከሩና ፈረዱ። ጋሽ ከፈለኝ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ይሆናሉ፤ ሰው ካልሞተ በቀር ግን ጥሩምባውን አፋቸው ላይ አያደርሱም። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተቀበሉ።

ችግሩ፣ ብርዱ ይሁን ገብሱ እንጃ፣ የመንዝ ሰው ቶሎ አይሞትም። ትናንት ደጄ ላይ ተቀምጬ ሳል ሲያጣድፈኝ ጋሽ ከፈለኝ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምነው፣ ጠናብህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ፤ ጉንፋን ነው።»

«እግዜር ይማርህ» አሉኝና፣ ቅር እያላቸው ለጥሩምባው ከንፈራቸውን ማሟሸት ተዉ።