የሃርድ ዲስኩ መርዶ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በዳግም ትንሣኤ ማግስት አልነሳም አለ። ሲያበሩት ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና እዚያው ደርቆ ይቀራል፤ ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለሙያው ወንድምአገኝ ፈትቶ አየው። የወረዳው መሬት ሁሉ የተመዘገበበት ሃርድ ዲስክ ሞቷል። ለመጠባበቂያ ቅጂ የተገዛው ሌላ ዲስክ አቧራ እንዳይነካው ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ባሕር ዳር ቢላክ የተረፈውን መረጃ ማውጣት ይቻል ይሆናል። ለመላክ ግን «ተበላሽቷል» የሚል የኃላፊው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ኃላፊው አቶ ባንተአምላክ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆነ አርአያ ጽሕፈት ቤት» ተብለው የተሸለሙት በዚያው ሰሞን ነው። ለደስ ደስ ሲባልም የወረቀት መዝገቡ ግቢ ውስጥ በንግግር ታጅቦ ተቃጥሏል።

በአገሩ መርዶ ደርሶ አይወረወርም።

«ጋሼ፣ ዲስኩን ትንሽ አሞታል» አለ ወንድምአገኝ።

«ይሻለዋል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

አቶ ባንተአምላክ ለበላይ አካል «መጠነኛ ሕመም ገጥሞት በማገገም ላይ ይገኛል» ብለው ጻፉ። ለማስረጃ እንዲሆንም በየማለዳው እንዲበራና ድምፁ እንዲደመጥ አዘዙ። ዲስኩ በበራ ቁጥር የቀረውን መረጃ እየፋቀ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እሳቸውም «ይኸው፣ ዛሬም ተናገረ» እያሉ ይጽናናሉ።

ወይዘሮ እልፍነሽ የመጡት ለአንዲት ወረቀት ነው። የሟች ባላቸው ወንድም ያረጋል «የወንድሜ መሬት የእኔ ነው» ብሎ በሬ አስገብቶባቸዋል። ፍርድ ቤቱ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ከጽሕፈት ቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ እንዲያመጡ አዟል። የይዞታ ደብተራቸውን የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች «ይታደስልዎታል» ብለው ተቀብለዋቸው ነበር፤ ከመዝገቡ ጋር ነዷል።

«ልጄ፣ ዛሬስ ተነሳ?» ይላሉ በመስኮቱ።

«ሻል ብሎታል እትዬ። ትናንት ጥሩ ድምፅ አሰማ» ትላለች ጸሐፊዋ ሕሊና።

በሌላ ሳምንት፦ «ለተሻለ ሕክምና ወደ ላይ ሊጻፍለት ነው።»

ሰኔ ሚካኤል ሲቃረብ ግን አንድ ማለዳ ዘበኛው ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው፤ በዚያ ቤት ለባለጉዳይ ወንበር ሲሰጥ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ሕሊና ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ወንድምአገኝ ከውስጥ ወጣና ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ቁርስ በልተው ነው የመጡት?» አለ።

መርዶ የሚጠብቀው ሰው ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ወይዘሮ እልፍነሽ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩዋቸውና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ልጆቼ፣ ባሌም ‹ሻል ብሎታል› ሲሉኝ ነው ተቀብሮ የቆየኝ። መቼ ነው የሞተው?»

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ።

«ወይኔ መሬቴን! ወይኔ ደብተሬን!»

ወረፋ የያዘው ባለጉዳይ ሁሉ ነገሩ ገባውና ለየፋይሉ ያለቅስ ጀመር። አቶ ባንተአምላክ በድንጋጤ ብቅ አሉ።

«ማነው የነገራቸው?»

«ማንም አልነገራቸውም፣ ጋሼ። ራሳቸው ናቸው ያወቁት» አለ ወንድምአገኝ።

«ያለ ሽማግሌ? ያለ ደብዳቤ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔስ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን አላውቅም? ለበላይ አካል እንዴት አድርጌ ላርዳ እያልኩ ነው እንጂ!»

የበላይ አካሉም አውቆ ኖሯል፤ ለራሱ የበላይ እንዴት እንደሚያረዳ ሲጨነቅ ሰንብቷል። በማግስቱ መርዶውን ያለ ጊዜው ያወጣውን ሰው የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ባንተአምላክም ወይዘሮ እልፍነሽን ባዶ እጃቸውን አልሸኟቸውም፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጧቸው።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ደብዳቤውን ከፍተው አነበቡ፦ «የግለሰቧ መረጃ በሕይወት ያለ ሲሆን፣ ሙሉ ጤንነቱን እስኪያገኝ በትዕግሥት እንዲጠበቅ እናሳስባለን።»

ያረጋል ከወዲያ በኩል ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ዳኛ፣ ዝናቡ ገብቷል፤ እሷ በሽተኛ እስክታስታምም እኔ ዘሬን ልዝራ?»

ዳኛው ደብዳቤውን አጠፉት። አሁንም መልሰው ዘረጉት። ቀና ብለው ሳያዩም በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣

«እናቴ፣ ቁርስ በልተው ነው የመጡት?» አሉ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።