የበርበሬው ስጥና የሃዩል ሩጫ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ መስከረም 4፣ ከቀኑ 9፡10
ቦታ፦ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ፣ «ጥድ ጥላ» አፓርታማ ግቢ፣ ከበርበሬ ስጥ የተረፈችው ጥግ

የተገኙ፦
1. ወይዘሮ ማ ቦክሱን፣ ሰብሳቢና የበርበሬው ባለቤት
2. አቶ ፕዮ ጂንቴክ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጡረተኛ
3. ወይዘሮ ሆንግ ዳሄ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአምስት ዓመት ልጃቸው ከሃዩል ጋር
4. እኔ፣ ሳልጠየቅ የተመረጥኩ ፀሐፊ

ከስምንቱ ቤቶች አምስቱ መገኘት ስላለባቸው፣ በመስኮት አንገቱን ብቅ ያደረገው የአራተኛ ፎቅ ተከራይ እንደተገኘ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ ሃዩል የት ትሩጥ?

አቶ ፕዮ ከጠዋት እስከ ማታ ከራሳቸው በላይ ድም ድም እንደሚልባቸው አመለከቱ። «የሃዩል እናት፣ ልጅ ነው ያሳደግሽው ወይስ ፈረስ?» ሲሉም ጠየቁ። ወይዘሮ ዳሄ፣ ልጅ ካልሮጠ እንደማይጠነክር፣ ግቢው ግን ከዳር እስከ ዳር በርበሬ እንደተሰጣበት ገልጸው፣ «ታዲያ ጋሼ ፕዮ፣ ኮርኒስ ላይ ላንጠልጥላት?» አሉ። አቶ ፕዮ ሐሳቡ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ።

ሰብሳቢዋ በርበሬው ለብርዱ ወራት የሚቀመጠው የጎመን ኮምጣጣ፣ የኪምቺ፣ ማጣፈጫ መሆኑን፣ ሊረግጠው የሚፈልግ መጀመሪያ እሳቸውን እንዲረግጥ አሳሰቡ። ስጡ ወደ አንድ ጎን ቢሰበሰብስ ብል፣ «አንተ ጻፍ!» አሉኝ። ጻፍኩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተወሰነ፦
1.1 ሃዩል ቤትም ሆነ ግቢ በቀን ከአሥር እርምጃ በላይ አትሮጥም።
1.2 ቆጣሪው አቶ ፕዮ ይሆናሉ።
1.3 የቀረባት ሩጫ ተጠራቅሞ በርበሬው ሲደርቅ ይሰጣታል።

ወይዘሮ ዳሄ ተቃወሙ። ሃዩል «አሥር ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ አቶ ፕዮ በጣታቸው አሳዩአት። ልጅቷ ጣቶቿን ስትቆጥር ሳይ ሆዴ ባባ፤ ይህም ይመዝገብ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

10፡25 ላይ ዝናብ ጣለ። ሰብሳቢዋ ወገባቸውን ይዘው፣ «በርበሬዬን! ሃዩል፣ ሩጪ የኔ ልጅ፣ መሸፈኛ ሸራውን ጎትቺ!» ሲሉ አዘዙ። ሃዩል ሮጣ የሸራውን ጫፍ ያዘች፤ አሥረኛው እርምጃ ላይ ቀጥ አለች። «ምን ገተረሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ጣቶቿ ማለቃቸውን ለጉባኤው አስረዳች። ሰብሳቢዋ «እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ!» ቢሉም፣ ቆጣሪው ጋሼ ፕዮ መሆናቸውን አስታወሰች። ዝናቡ በረታ። አቶ ፕዮ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «በኔ ጣት ቁጠሪ!» ብለው ጮኹ። ሃያ ላይ የእኔን ሰጠኋት፤ ሸራውም በርበሬውን ሸፈነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከ1.1 እስከ 1.3 ያለው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። በርበሬው ወለሉ ከሥር በማሞቂያ በሚሞቀው በአቶ ፕዮ ሳሎን ይሰጣ፤ ግቢው ለሃዩል ይለቀቅ።

ስብሰባው ዝናቡ ሲያባራ 10፡50 ላይ ተበተነ። አቶ ፕዮ ተቃውሞ እንዳላቸው ቢጠየቁም፣ ከሃዩል ጋር አባሮሽ ይዘው ስለነበር አልሰሙም።