ማጭድ የተቀሙት አያ ደሴ

በየወንፈሉ ዳር ቆሞ የሚያበረታታ፣ ራሱ ግን የማያጭድ ሰው አይጠፋም፤ እናንተ ዘንድ የለም? የእኛ የስማዳዎቹ አያ ደሴ ናቸው። ዘንድሮ ገብሳችንን በረዶ መታውና የተረፈውን ልናጭድ ወጣን። እሳቸው «አይዟችሁ፣ ደረሳችሁ!» ይላሉ። ደሜ ፈላ።

«አያ ደሴ፣ እስቲ ይኸን ማጭድ ይያዙት» አልኳቸው።

ያዙት። አጎንብሰው ሲያጭዱ አፋቸው ተዘጋ፤ የእሳቸው ሲዘጋ የእኛ ተከፈተ። አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው በረዶውን ረገመ፣ ግማሹ ጥላ ፍለጋ ሄደ። ደመናው ደግሞ በላያችን ይጠቁራል። ማጭዱን ነጠቅኳቸውና «እባክዎ እዚያው ዳር ይቁሙልን!» አልኩ። «አይዟችሁ!» ሲሉ የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ።

ዝናቡ የመጣው ነዶውን ከምረን ስንጨርስ ነው። የአያ ደሴን ድርሻ ያጨድኩት እኔ ነኝ፤ ቅር አላለኝም። ብቻ «ጎበዝ፣ ዝቅ ብለህ እጨድ!» ሲሉኝ ማጭዱን ልመልስላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ።