የጓድ ፅጌ አስጎብኚ

[ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ የአምባቸው ቤት። በደርግ ዘመን፣ አንድ የሁዳዴ ረቡዕ፣ ረፋድ ላይ። አምባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ክራቫት አስሮ ይንጎራደዳል። የሚስቱ የውዴ ወንድም አዘዘ፣ ለገዳም እህል በታንኳ የሚያመላልስ የጣና ዳር ሰው፣ የአምባቸውን ካኪ ኮት በጋቢው ላይ ደርቦ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሰሐን፣ ሰሐኑ ላይ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ።]

አምባቸው፦ ቅመስ እንጂ። አንዴ ብትቀምስ ምን አለበት?

አዘዘ፦ ጋሼ፣ ይህ እኮ ኮንጎ ጫማ ነው።

አምባቸው፦ ዓሣ ነው አልኩህ። አሁን ከጣና የወጣ፣ በዘይት የተጠበሰ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ።

አዘዘ፦ እሽ፣ ዓሣ ይሁን። ዓሣ ከሆነማ ጭራሹን አልነካውም።

አምባቸው፦ ለምን?

አዘዘ፦ ሁዳዴ ነዋ።

አምባቸው፦ ዓሣ ደግሞ ምን አለበት? ከተማው በሙሉ ይበላው የለ?

አዘዘ፦ ከተማው ይብላ። ኮንጎው ይሻለኝ ነበር፣ እሱ እንኳ ፍስክ አይደለም።

አምባቸው፦ አንተ እንደፈለግህ ጹም። አሁን ግን አንተ አንተ አይደለህም። አሁን ማን ነህ?

አዘዘ፦ አዘዘ።

አምባቸው፦ አዘዘ ጠዋት ነበርክ! ካኪውን ከለበስክ ጀምሮ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጓድ ፅጌ ነህ።

አዘዘ፦ ፅጌ ማርያም።

አምባቸው፦ ማርያምን ከየት አመጣሃት? እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው ስሙ ላይ ማርያም አይጨምርም።

አዘዘ፦ እናታቸው ያወጡላቸው እንደሱ ነው።

አምባቸው፦ እናቱን ደግሞ የት አወቅሃቸው?

አዘዘ፦ [አፉን በጋቢው ይይዛል] አላውቃቸውም። እንዲያው ነገሩን ነው።

አምባቸው፦ ስማኝ አዘዘ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም። ሰውዬው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ከእኛ ቢሮ አንድ ሰው መተከል በረሃ ወደሚከፈተው ሰፈራ ጣቢያ ይላክ ተብሎ የእኔ ስም ተነሥቷል። እሱ «ይቅር» ካለ እዚሁ ጣና ዳር ነኝ። «ይሂድ» ካለ ከወባና ከእባብ ጋር ልኖር ነው። እህትህ ደግሞ እንደማትከተለኝ ቁርጡን ነግራኛለች።

አዘዘ፦ ለእኔም ነግራኛለች።

አምባቸው፦ እንግዲህ ዕድሌ ሆኖ አስጎብኚው እኔ ነኝ። ሰውዬው ዓሣ በልቶ፣ አዝማሪ ሰምቶ፣ ፏፏቴውን አይቶ ልቡ ሲርስ «ይህን ሰው ከባሕር ዳር መንቀል ባሕር ዳርን መበደል ነው» ማለቱ አይቀርም። ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ የምለማመደው ለዚህ ነው። ገባህ?

አዘዘ፦ ገብቶኛል ጋሼ። ግን እኮ ሰውዬው...

አምባቸው፦ ሰውዬው አንተ ነህ! ሰው ስለ ራሱ እንዲህ አያወራም። እንጀምር። [ክራቫቱን አስተካክሎ ጎንበስ ይላል] እንኳን ደኅና መጡ ጓድ ፅጌ። መንገዱ እንዴት ነበር?

አዘዘ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማዕበሉ ትንሽ አስቸገረን እንጂ።

አምባቸው፦ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ማዕበል የት ያገኛል? እግዚአብሔርንም ተወው፣ ጓድ እንደሱ አይልም።

አዘዘ፦ ታዲያ ምን ይላሉ?

አምባቸው፦ «ጥሩ ነበር» ይላል፤ በቃ። ደግሞ እኔን «አንተ» በለኝ።

አዘዘ፦ ምን ቆርጦኝ!

አምባቸው፦ አለቃ የበታቹን «እርስዎ» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?

አዘዘ፦ የእህቴን ባል አንተ ልበል? በጠራራ ፀሐይ? ቢሰሙኝስ?

አምባቸው፦ ማን ይሰማሃል?

አዘዘ፦ እርስዎ።

አምባቸው፦ በሞቴ፣ አንዴ በለኝ።

አዘዘ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] አንተ... ጋሼ... እንደምን አደሩ?

አምባቸው፦ ደም ሥሬን አታቁመው። ይሁን፣ ምግቡ ይቅረብ። [ሰሐኑን ገፋ ያደርግለታል] ጓድ፣ ይህ የጣና ዓሣ ነው። እኔ ራሴ ከእነ ዘሩ የማውቀው ነው። ወንዱን ከሴቱ በዓይን ብቻ እለያለሁ።

አዘዘ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ከዚያም በኋላ እፍኝ ቆሎና ውኃ ይበቃኛል።

አምባቸው፦ እፍኝ ቆሎ! ጓድ ቆሎ ሲቆረጥም የት አየህ?

አዘዘ፦ አይቻለሁ። ያውም ሽንብራ ነው፤ ጥርሳቸውን ስለሚያማቸው ቀስ እያሉ...

አምባቸው፦ በሕልምህ ነው ያየኸው። እነዚህ ሰዎች ሁዳዴ ይሁን ፋሲካ የሚለዩት አይደሉም። እኔ ሰው ገና ከሩቅ ሲራመድ ሳይ ሆዱን አውቃለሁ፤ አንተ ግን አጠገብህ ተቀምጦ እንኳ አታውቀውም።

አዘዘ፦ እሱስ አጠገቤ ነበሩ... [ይጠነቀቃል] አጠገቤ ቢሆኑ ማለቴ ነው።

አምባቸው፦ ምሳውን በላ እንበል። ቀጥሎ ወደ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ጠጅ ቤት። [መጥረጊያውን አንሥቶ እንደ መሰንቆ ደረቱ ላይ ያቆማል] አዝማሪው እኔ ነኝ። ለራሱ ለአዝማሪው ግጥም የምሰጠውም እኔ ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ትደሰታለህ።

አዘዘ፦ በሁዳዴ መሰንቆ?

አምባቸው፦ ተደሰት ብያለሁ። [ይዘፍናል]
ጓድ ፅጌ ሲመጣ ጣና አማረበት፣
አምባቸው ባይኖር ግን ማን ይናገርለት።

[አዘዘ ከጥግ ዱላውን አንሥቶ ይቆማል፤ ዱላውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያደረገ ከወገቡ ይወዛወዛል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።]

አምባቸው፦ ምን እየሆንክ ነው?

አዘዘ፦ እየዘመምሁ ነው።

አምባቸው፦ ጠጅ ቤት ውስጥ ማኅሌት ልትቆም?

አዘዘ፦ ጓድ ፅጌ ነህ ብለውኝ የለ? እንደ እሳቸው መሆኔ ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ከበሮ የለም፤ በመቋሚያ ብቻ ነው። እንባቸው እንዲህ ነበር የሚወርደው... ማለቴ፣ ቢያለቅሱ እንዲህ ነው የሚያለቅሱ።

አምባቸው፦ ኧረ በስመ አብ! ይህን ሰውዬው ቢያይ ሁለታችንንም አብሮ ነው መተከል የሚጥለን። ጓድ እኮ ነው የምልህ፣ ጓድ! የቀበሌው ኪነት ቡድን ሲጨፍር እጁን ያጨበጭባል፣ አዝማሪ ሲያወድሰው ፈገግ ይላል። ሌላ ሙያ የለውም።

አዘዘ፦ እሽ ጋሼ። [ይቀመጣል፤ ፈገግ ለማለት ይሞክራል፤ ጥርሱን ያመመው ይመስላል]

አምባቸው፦ አሁን ጢስ ዓባይ ደረስን። [ወንበር ላይ ወጥቶ ከጆግ ውኃ ወደ ሳፋ ያወርዳል] ጓድ፣ ይህ ጢስ እንዲህ የሚነሣው ከገደሉ ሥር እሳተ ገሞራ ስላለ ነው።

አዘዘ፦ እኔ ከሥሩ ታጥቤያለሁ። ይበርዳል እኮ።

አምባቸው፦ ቀዝቃዛ እሳተ ገሞራ ነው። እንዲህ ያለውን አንተ አታውቀውም። ይልቅ እዚህ ላይ ትደነቃለህ። ተደነቅ።

አዘዘ፦ ኧረግ።

አምባቸው፦ ይህ መደነቅ ነው? ላሟ የጠፋችበት ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ይላል።

አዘዘ፦ [ካኪውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ድምፁን ወፈር እያደረገ] ፏፏቴውን ሌላ ጊዜ አየዋለሁ። ጸበሉ በየት በኩል ነው? ገዳሙስ ሩቅ ነው?

አምባቸው፦ [ከወንበሩ ይወርዳል] ገዳም? ገዳሙን እኮ ከጉብኝቱ ያወጣሁት በእጄ ነው። እኔ ሞኝ ነኝ? አለቃዬ «ደሴቶቹን አሳየው» ሲለኝ «አይሆንም፣ ዓባይ ድልድይንና ጉማሬውን ነው የማሳየው» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ጓድን ገዳም ወስደህ ከመነኩሴ ጋር ማስጨበጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?

አዘዘ፦ ጋሼ፣ እኔ ምንም አላውቅም። ግን ሰውዬው ከገዳሙ በቀር ሌላው ሁሉ አላሻቸውም።

አምባቸው፦ አያሻውም በል። «አላሻቸውም» ስትል መጥቶ የሄደ አስመሰልከው።

[ከጣሪያው በላይ የአውሮፕላን ድምፅ ያልፋል። አምባቸው ጆጉን ወርውሮ ወደ መስኮቱ ይሮጣል።]

አምባቸው፦ መጣ! ከሰዓት በኋላ ያሉት በረፋድ መጣ! ተነሥ፣ ካኪዬን አምጣ!

አዘዘ፦ [ካኪውን ቀስ ብሎ ያወልቃል] አይሯሯጡ ጋሼ። ይህ እየመጣ አይደለም፣ እየሄደ ነው። እሳቸውም ውስጡ አሉ።

አምባቸው፦ እሳቸው ማን?

አዘዘ፦ ጓድ ፅጌ። እንግዲህ ከመሬት ከተነሡ መሐላዬ ወርዶልኛል። እሑድ ዕለት ነው፤ ጋቢ የተከናነቡ ሰው ወደ ደሴቱ አሻግረኝ አሉኝ። መሐል ላይ ነፋስ ተነሥቶ ታንኳዋ ስትዋዥቅ ያልጠሩት መልአክ አልነበረም። ሲረጋጉ ሁሉንም ነገሩኝ። ፅጌ ማርያም እባላለሁ፣ ቢሮ ውስጥ ነው ጓድ ፅጌ የሚሉኝ፣ ልጄ ታማብኝ ተስዬ ዳነችልኝ፣ ሥራውን ምክንያት አድርጌ ስለቴን ላደርስ ነው የመጣሁ አሉኝ። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ለሰው እንዳልተነፍስ በደሴቱ ታቦት አስማሉኝ። ትናንት ማታ መለስኋቸው፤ ዛሬ በጠዋት ቢሮ ገብተው ጉዳያቸውን ጨርሰው በረፋዱ አውሮፕላን እንደሚሄዱ ነግረውኝ ነበር።

[አምባቸው ቀስ ብሎ ይቀመጣል። የተቀመጠው ሳፋው ውስጥ ነው፤ አልታወቀውም።]

አምባቸው፦ ይህን ሁሉ እያወቅክ ኮንጎ ጫማ ፊት አስቀምጬህ ዝም አልክ?

አዘዘ፦ ልናገር ስል ሰውዬው አንተ ነህ ይሉኛል።

አምባቸው፦ ስለ እኔስ? ስለ እኔ ያነሣው ነገር አለ?

አዘዘ፦ ስንመለስ ታንኳው ላይ ጠየቁኝ። አምባቸው የሚባል ሰው ታውቃለህ ወይ አሉ። የእህቴ ባል ነው አልሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው አሉኝ።

አምባቸው፦ ምን አልክ? አፈር ስሆን፣ ቃል በቃል ንገረኝ።

አዘዘ፦ እርስዎ ሁልጊዜ የሚሉትን ነዋ። እርሻ ያውቃል፣ ውኃ ያለበትን መሬት ረግጦ ይለያል፣ አገውኛ ይናገራል፣ ወባን በነጭ ሽንኩርት ያባርራል፣ ለእባብም መድኃኒት አለው አልሁ። የማያውቀው ነገር የለም ብዬ ጨረስሁ። አዋቂ ሰው ከቢሮው አይነቀልም ብዬ ነው።

አምባቸው፦ ወይ ጉዴ። እሱስ?

አዘዘ፦ እጅግ ደስ አላቸው። የጠረጴዛ ሰው በረሃ ምን ይፈይዳል ብለን ልንተወው ነበር፣ እንዲህ ያለውማ ቢሮ ተቀምጦ አይባክንም አሉ። የጣቢያው ኃላፊ እርስዎ ነዎት ጋሼ፤ መኪናው ቅዳሜ ይነሣል። ውዴን ግን ይተዉልን ብዬ ለመንኋቸው፣ እሽ ብለዋል።

[ከሳፋው ውኃ ይንጠባጠባል።]

አምባቸው፦ አዘዘ፣ ወንድሜ። እኔ እኮ ምንም አላውቅም። ሞፈርና ቀንበር አልለይም። አገውኛ አንድ ቃል አልሰማም። እባብ በሥዕል ሳይ እንኳ ያንቀጠቅጠኛል። ፏፏቴውንም ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት፣ በዓይኔ አላየሁትም። ምንም፣ ምንም አላውቅም!

አዘዘ፦ እሱንማ አውቃለሁ ጋሼ። ውዴን ካገቡ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ያውቃል። ግን የእህቴን ባል በባዕድ ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ልማዎት?