ተራ የማይጠበቅበት ሰንጠረዥ

ቅናት ለፍቅረኞች ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ መካኒሳ አቦ መጥቶ እኔን ማየት ነበረበት። እኔ የቀናሁት በአማቴ፣ በሚስቴ አባት ነው።

አባባ ዘውዴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ፤ የድሮውን፣ የአገራችንን ቼስ። ከማን ጋር? ከእኔ ጋር እንዳይመስላችሁ። ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ከፋንታሁን ጋር። ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ሰፍቶ ገበታውን የሰጣቸውም እሱ ነው። እኔ በጋብቻ ያልገባሁበት ልብ ውስጥ ሰውየው በመርፌ ገባ።

እኔ ደግሞ የፈረንጁን ቼስ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤት የሚያሸንፈኝ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ እኔም ልግጠም ብዬ ከፋንታሁን ፊት ቁጭ አልኩ። ገና ፊሉን፣ በቼስ ጳጳስ የሚባለውን፣ በማዕዘን እስከ ዳር ስነዳው አባባ መለሱት። ፊል ሁለተኛው ቤት ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ መሀል ያለውን ይዘላል አሉኝ። ፈርዙስ? ቼስ ላይ እንደ ልቧ የምትሮጠው ንግሥት እዚህ በማዕዘን አንዲት እርምጃ ብቻ ናት። የማውቀው መደቁን፣ ማለትም ወታደሩን ብቻ ሆነ፤ ወደፊት ይራመዳል፣ በማዕዘን ይበላል።

ይባስ ብሎ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ወረራ ይሉታል፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ሁለቱም እጃቸው በቻለው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። እኔ በጨዋ ደንብ ተራዬን ስጠብቅ ፋንታሁን ሠራዊቱን አሰልፎ ጨርሷል።

«ልጄ፣ የቀበሌ ሰልፍ ላይ ነህ እንዴ?» አሉኝ አባባ።

ፋንታሁን ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ብሶቴን ለባለቤቴ ለአስቴር ነገርኳት። ሰማችኝና ጠጠርና ቆርኪ ለቅማ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አከታትላ ስምንት ጊዜ አሸነፈችኝ። ለካ አባቷ በልጅነቷ አስተምረዋታል።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሁለት ወር አሠለጠነችኝ። ከዚያ ፋንታሁንን ገጠምኩት። እጄ በረረ። መጀመሪያ የበላሁት እኔ ነኝ፤ በመጨረሻም ንጉሡን በመደቅ መውጫ አሳጥቼ ማት አልኩት። አዋቂዎቹ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም ይላሉ። ፋንታሁን ተነስቶ ጨበጠኝ። ወደ አማቴ ዞርኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ተሳካልኝ አልኩ በልቤ።

አባባ ገበታውን ትክ ብለው አዩና በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ቤት ተጣሩ።

«አስቴርዬ፣ እጅሽን አወቅሁት። ነይ እስቲ ቁጭ በይ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የአባትና የልጅ ሆነ። እኔና ፋንታሁን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናያለን። ስቀርበው ደግ ሰው ነው። እሱም በቅናት አርሯል።