በሙዝ ሚዛን የተመዘነችው ኩሽኔታ

«ልጄ፣ ይሄ ኩሽኔታ አይደለም፤ የጣት ቀለበት ነው» አሉኝ፣ ሲቀላ ሰፈር መለዋወጫ የሚሸጡት ጋሽ ሻንቆ።

ክብደት አምላኪ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቁልፍ ሲገዛ በመዳፉ የሚመዝን፣ ወንበር ሲመርጥ ወገቡን እስኪያመው የሚያነሳ፣ ከከበደው ብቻ «ይሄ ዕቃ ነው» የሚል? ጋሽ ሻንቆ የእነሱ አለቃ ናቸው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። የክር ማጠንጠኛውን ከደጋው ከገረሴ ሲወርድ በብብቱ እንዲይዘው ብሎ አቅልሎ ጠረበው። የማጠንጠኛው ቀጭን ኩሽኔታ ስትዞር ድምፅ ስላልነበራት የምሰማው የእሱን እንጉርጉሮ ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ዝጋ ቆመች፤ ማጠንጠኛውን ይዤ ጋሽ ሻንቆ ሱቅ የሄድኩት የእሷን ምትክ ፍለጋ ነው።

ጋሽ ሻንቆ ልኳ የሆነች ቀጭን ከመሳቢያ አወጡ፤ ግን ለእኔ አዝነው ሊሸጡልኝ አመነቱ። ከአንድ ወፍራም ጋር ይዘዋት ጎረቤታቸው ያለው የሙዝ ሚዛን ላይ አወጧት። መርፌው ንቅንቅ አልል አለ። ከላንቴ ሙዝ ይዘው የመጡት ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

«አየሽ? ወፍራሙ እንዲገባ እንጨቱን ትንሽ ልፈልፍለው» አሉና ሱቃቸው ስንመለስ መሮ አነሱ።

«አባቴ የጠረበውን አይነኩም፣ ጋሼ።»

ማጠንጠኛውን ከመሮው ሥር ሳብኩት። ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ቀጭኗን አውራ ጣቴ ላይ አጠለቅኩና የሴቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።