የአንደኛው ገጽ ባለሟል

ጋሽ ደረጃ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ቦርሳቸውን ከማስቀመጣቸው በፊት የሚያደርጓት አንዲት ነገር አለች። በስቴፕለር ሽቦ የተያያዘችውን የኮታቸውን እጅጌ ወደ ክርናቸው ይሰበስባሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ «የስፌት መኪና ጥገና» ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ከላይ ወደ ታች ይቆጥራሉ። ቆጠራው ለዓመታት «አንድ» ላይ ነበር የሚያበቃው። «አለን» ይላሉ። ለእኛ ለሰዎቹ ደኅና አደራችሁ የሚሉን ከዚህ በኋላ ነው።

የትኛውም ሥራ ቤት ሂዱ፣ የአለቃን ልብ አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አታጡም። አለቃው ሻዩን በስኳር ከጠጣ ፊርማ እንደሚገኝ፣ ያለ ስኳር ከጠጣ ግን ማመልከቻን ለነገ ማሳደር እንደሚሻል የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከአለቃው ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አውርቶ ላያውቅ ይችላል። ዕውቀቱ ግን አይጠረጠርም።

የእኛ አለቃ ሰው አይደለም። የምንሠራው ለአነስተኛ ባለሙያዎች ድረ ገጽ ነው፤ ስለዚህ አለቃችን ሕዝብ የቸገረውን ሁሉ የሚጠይቀው የኢንተርኔት መፈለጊያ ነው። እሱ አንደኛ ገጽ ላይ ያወጣው እንጀራው ተገኘ፤ አራተኛ ገጽ ላይ የጣለው ደግሞ መንገድ በማይገባበት ጫካ ውስጥ ሱቅ እንደ ከፈተ ነው።

ክቡር ጋሽ ደረጃ የዚህ አለቃ ባለሟል ናቸው። «መፈለጊያው» ብለው አያውቁም፤ «ሰውየው» ነው የሚሉት። ሰውየው ዛሬ ደስ ብሎታል፣ ሰውየው ትናንት ክፉኛ ተከፍቷል፣ ሰውየው ረጅም ርዕስ አይወድም። ከየት አመጡት ብሎ የሚጠይቃቸው ቢኖር ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና «ሰውየው የሚወደውን እኔ አውቃለሁ» ይላሉ። ስማቸውም ደረጃ አይደለም። ከጣታቸው ቆጠራ የወጣላቸው ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

የሃይማኖታቸው መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ ቃሉን ደጋግመህ ጻፍ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት እንዳርመው የሰጡኝ ጽሑፍ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «የስፌት መኪና ጥገና ካስፈለገዎ የስፌት መኪና ጥገና ባለሙያዋ የስፌት መኪና ጥገናዎን በስፌት መኪና ጥገና ቤቷ ታከናውናለች።» አንዷን ቀስ ብዬ አወጣኋት። ከምሳ ስመለስ ሁለት ሆና ጠበቀችኝ።

«ገጣሚዋ» አሉኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ምን እንደሆነ ሰምተው ነበር። «ግጥምሽ ላይ ቃል ቆጥቢ። ሰውየው ግን ቆጣሪ ነው፤ ሲደጋገምለት ነው የሚገባው።»

መቼም ደፍሬ የምመልስ ሰው አይደለሁም። ሁለቱንም ተውኳቸው።

ይኼም አልበቃቸው። በየገጹ ግርጌ፣ በነጭ መደብ ላይ፣ በነጭ ቀለም ያችኑ ቃል ሦስት መቶ ጊዜ ይጽፏት ነበር። አንባቢ አያያትም፤ ሰውየው ግን ያያታል ተብሎ ይታመናል። ነጭ በነጭ ላይ! ይህን ምስጢር በሹክሹክታ ነበር ያስተማሩኝ፣ ያውም በሩን ዘግተው።

ልማዱ ከሥራም አልፎ ቤታቸው ገብቷል። የወንድማቸው ልጅ ሲያገባ የጥሪ ካርዱን የጻፉት እሳቸው ናቸው። የሙሽራውን ስም አሥራ አንድ ጊዜ ስለ ጠቀሱት የሙሽሪት እናት ደውለው «ይቅርታ፣ የሚያገባት ስንት ሰው ነው?» ብለው ጠይቀዋል ይባላል። ጋሽ ደረጃ አልደነገጡም። «አያችሁ፣ ስሙ እንዴት እንደ ተያዘላቸው» አሉን።

በዚህ ዓይነት ሁሉም ደኅና ሳለ አንድ ሰኞ ጣታቸው «አንድ» ላይ አልቆመም። ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር ደረሰ። ሁለተኛውን ገጽ ከፈቱ። ሦስተኛውን ከፈቱ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ ከአንድ የቁልፍ ሠሪ ማስታወቂያ ሥር የእኛን ድረ ገጽ አገኙት። ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ አላነሱም።

«ሰውየው አኩርፏል» አሉ በመጨረሻ። «ያልፍለታል።»

አላለፈለትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ጋሽ ደረጃ ሦስት መቶዋን ነጭ ቃል ስድስት መቶ አደረጓት። በሳምንቱ ድረ ገጹ ስድስተኛው ገጽ ላይ ወረደ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ከዚያ መካኒኳ ራሷ መጣች። የስፌት መኪና የምትጠግነው ባለሙያ ማለቴ ነው፤ ሙያውንም ጠባቧን ክፍልም ከአባቷ የወረሰች፣ ጥፍሮቿ ሥር የዘይት ጥቁረት የማይጠፋ፣ ጋሽ ደረጃን እንደ አጎት የምታይ ሴት ናት። ወንበር ብንሰጣት ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ድሮ በቀን ስድስት ሰባት ሰው ይደውል እንደ ነበር፣ አሁን ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው ደውሎ እሱም ተሳስቶ እንደሆነ ነገረችን። በወሩ መጨረሻ የክፍሉን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሳ ልብስ ፋብሪካ ልትቀጠር ነው፤ ቃል ሰጥታለች።

ሥራ አስኪያጃችን ወጣት ናት፤ ነገር ማስረዳት ትችልበታለች። መፈለጊያው ዱሮ እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ወረቀት ላይ ያለውን ቃል ቆጥሮ ያስቀምጥ ነበር አለች። አሁን ማሽኑ እየተማረ ነው። ከሚሊዮን ሰዎች ጥያቄ፣ ሰዎቹ የቱን ከፍተው እንዳነበቡ፣ የቱን ከፍተው ወዲያው ሸሽተው እንደ ተመለሱ እያየ ይማራል። ቃሉን ትቶ ጠያቂው ምን ቸግሮት እንደሚጠይቅ ለማወቅ ይሞክራል። የተደበቀ ነጭ ጽሑፍ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ደረጃ።

መካኒኳ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለች። «እኔ ራሴ ያንን ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤው አላውቅም። ያደክመኛል።»

ጋሽ ደረጃ እጅጌያቸውን ይነካኩ ጀመር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የጋሽ ደረጃ እጅጌ ተተርትሮ አያውቅም ነበር ይላሉ ቢሮው ውስጥ የቆዩ ሰዎች። እኔ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ የማውቀው ስቴፕለሩን ብቻ ነው።

በማግስቱ ቢሮ አልመጡም። በሁለተኛውም ቀን። «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ላኩ። ከማን ጋር እንደሆነ ማንም አላወቀም። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጇ የመካኒኳን የውል ወረቀት አድርሺ ብላ ላከችኝ። ብሄድ ጋሽ ደረጃ ክፍሏ ጥግ፣ በተፈታቱ መኪኖች መካከል፣ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ደብተር አለ። መካኒኳ ከአንድ የቆየች ደንበኛዋ ጋር ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ታወራለች፤ እሳቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ አሉኝ።

ደንበኛዋ «ጥገና» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣትም። መኪናዬ አበደብኝ ነው የምትለው፣ ጨርቁን ይበላል፣ ከታች ክሩን እንደ ወፍ ጎጆ ይጎነጉነዋል። መካኒኳ ሳቀችና የታችኛውን ክር እንዴት አውጥታ እንደምትመልሰው ነገረቻት። ጋሽ ደረጃ «አበደብኝ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም አሰመሩ።

ስልኩ ሲዘጋ ጎንበስ ብለው «ጨርቁን ይበላል ማለት ምን ማለት ነው?» አሏት።

ያን ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ስሰማ የያዝኩትን የውል ወረቀት መስጠቱን ረሳሁት። ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከደብተሩ አሥራ ስምንት ጥያቄ ወጣ። እሳቸው ሰዎች እንደሚናገሩት ጥያቄውን ጻፉ፤ መልሱን መካኒኳ በቃሏ ነገረችን፤ እኔ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ አኖርኩበት። ስለ ወፍ ጎጆው አለ፣ መርፌ እየሰበረ ስላስቸገረ መኪና አለ፣ ፎቅ ላይ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ጩኸት ስለሚያሰማም አለ። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ትሰፋበት የነበረ መኪና ሁለት ዓመት ሳይነካ ቆሟል። ጎማው አልዞር ብሏል። ሞቷል ወይስ ይነሳል?» የመካኒኳ መልስ፦ «አልሞተም። ዘይቱ ደርቆበት ነው። አያስገድዱት። በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ፣ የምግብ ዘይት እንዳይሆን። አንድ ቀን ይተዉት። ከዚያ በእጅዎ ቀስ አድርገው ወደ ራስዎ ያዙሩት።»

ነጩን ጽሑፍ የማጥፋቱ ቀን ከባድ ነበር። ገጹን ከላይ እስከ ታች በማውዙ ስንመርጠው የተደበቁት ስድስት መቶ ቃላት በሰማያዊ መደብ ላይ እንደ ተያዘ ሌባ ብቅ አሉ። ጋሽ ደረጃ ለአፍታ አዩአቸውና ራሳቸው ሰረዟቸው። አዲሱ ገጽ ላይ «የስፌት መኪና ጥገና» የሚለው ሁለት ጊዜ ብቻ ቀረ።

«አንዴ ብቻ ልጨምርባት?» አሉኝ።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም።

ጠበቅን። ጣታቸው በየጠዋቱ ስድስተኛው ገጽ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት አራተኛ ላይ አገኟት፤ ከቁልፍ ሠሪው በላይ። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ሁለተኛው ላይ። በዚያው ቀን መካኒኳ ለጋሽ ደረጃ ደውላ ስልኩን ወደ ክፍሏ አዞረችው፣ ከኋላዋ ሌላ ስልክ ይጮህ ነበር። «ይሰማዎታል?» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ አራተኛው ነው።» ቁልፉን ለክፍሉ ባለቤት አልመለሰችም። ለፋብሪካው ደግሞ ይቅርታ ጠይቃ ጻፈች።

ሥራ አስኪያጇ ሰው ከየት እንደሚመጣ ስታይ ከአሥራ ስምንቱ ብዙ ሰው የሚያመጣው ዘጠነኛው ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ መፈለጊያው ላይ የጻፉትን አነበበችልን። አንዱ «የእናቴ መኪና ደርቆ ቀረ» ብሏል። አንዷ «የሟች እህቴን መኪና መጣል አልቻልኩም» ብላለች። አንድም ሰው ጥገና አላለም፣ ማንም ባለቤቴ አላለም፤ ማሽኑ ግን ሁሉንም እየመራ ዘጠነኛው ጥያቄ በር ላይ አድርሷቸዋል። ቃላት ሳይገጥሙ ሰዎቹ መገጣጠማቸውን እኔ ብቻ ሳልሆን ሁላችንም አየን።

ጋሽ ደረጃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነግሬአችሁ ነበር» አሉ። «ሰውየው የሚወደውን እኔ አውቃለሁ።»

አሁን ገጻችን አንደኛው ገጽ ላይ ሦስተኛ ነው። ጣታቸው «ሦስት» ላይ ይቆምና «አለን» ይላሉ። እጅጌያቸው ላይ ሽቦው የለም፤ በቦታው ጠማማ፣ በግራጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ መስመር አለ። ማን እንደ ሰፋው ማንም አልጠየቀም። የሰፊው እጅ ጀማሪ እንደሆነ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ደስ ይላል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀና ነው።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው አልተቃወሙም። ስለ ስቴፕለሩ ጻፊ፣ ስለ ሠርጉ ካርድ ጻፊ፣ ስድስተኛውንም ገጽ ጻፊ፣ ስሜን ግን ቢያንስ አሥር ጊዜ ጥሪው አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አቀረቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንዲት ነገር ብቻ እንድተውላቸው ለመኑኝ፦ ዘጠነኛውን ጥያቄ በስልክ የጠየቀ ደንበኛ እንደሌለ፣ በሦስተኛው ቀን ማምሻ ደብተሩን ዘግተው ለመካኒኳ በቃላቸው የጠየቋት እሳቸው መሆናቸውን።